ውዳሴ ለ«ይጠቅማል» ባዮች

አገራችን ኢንዱስትሪ የላትም የሚል ሰው የኮንዶሚኒየም በረንዳ ቀና ብሎ አይቶ አያውቅም። ቢያይማ ከልብስ ማስጫው ገመድ ጀርባ የተደረደረው ሀብት አፉን ባስያዘው ነበር፤ የአይሱዙ ባሌስትራ፣ ጥርሱ ያለቀ ማርሽ፣ በር የሌለው ፍሪጅ፣ መንጋጋው አልገናኝ ያለ ሞርሳ፣ ባለቤቱ የማይታወቅ የብስክሌት ፔዳል። የዚህ ሁሉ ጌታ በሥራ ቀን ቢሮ የሚውል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ግን ወደ ምናለሽ ተራ ወርዶ ማታ ላይ ዝገት ለብሶ የሚመለስ አባወራ ነው። ምን ሊያደርግለት እንዳመጣው ሲጠየቅ መልሱ አንድ ቃል ነው፤ «ይጠቅማል»። ለምን እንደሚጠቅም መጠየቅ ግን ድፍረት ነው።

ምናለሽ ተራን ለማያውቅ፣ መርካቶ ውስጥ ብረት ዕረፍት የማያገኝበት ሰፈር ነው። ቁራሌው ከየመንደሩ ለቃቅሞ በማዳበሪያ ከረጢት የሚያራግፈውን ሁሉ እዚያ እጅ ይጠብቀዋል። በርሜል በመሮ ተቀዶ፣ በመዶሻ ተደልድሎ ላሜራ ይሆናል፤ ላሜራው ደግሞ የከሰል ምድጃ። ባሌስትራ ካርቦኑ በዛ ያለ ብረት ስለሆነ ስለት ይይዛል፤ ከሰል ላይ ግሎ፣ ተቀጥቅጦ መጥረቢያ ሆኖ ይወጣል። ያለቀ ጎማ እንኳ በረባሶ ሆኖ እንደገና መንገድ ይጀምራል። ጆሮ እስኪደነቁር ድረስ ቀኑን ሙሉ ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ። እንዲህ ያለ ጥድፊያ ለብረት ምን ክብር አለው? የእኛ ሰው ግን ብረትን ያከብራል። አምጥቶ ያስቀምጠዋል እንጂ እጁን አያነሳበትም።

ሻጮቹም ያውቁታል። ለቀጥቃጩ ብረት በኪሎ ይሸጣል፤ ለእሱ የሚሸጠው በታሪክ ነው። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ የጥንቱ ነው፤ የጣሊያን ጊዜ» ከተባለ በኋላ ዋጋ መከራከር የት አባቱ! ጣሊያን የቆየው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነው፤ በእነዚያ ዓመታት ገባ የሚባለው ሞርሳና መፍቻ ግን እስከ ዛሬ ተሽጦ አላለቀም።

በእኛ ሕንፃ ሰፈሩ «ኢንጂነር» የሚለው አንድ ጎረቤት አለ። በቅርቡ ያስገባው ሞተር ነው። ደረጃው ሥር አስቀምጦ፣ አውራ ጣቱን ምራቅ አስነክቶ የተለጠፈበትን ታርጋ ሲጠርግ ቆሜ አየሁት፤ 380 ቮልት፣ ትሪ ፌዝ፣ 5.5 ኪሎዋት። ከዚያ ዘንጉን በሁለት ጣት አዞረና ጆሮውን አስጠግቶ «ስማ፣ ስማ፤ ኩሽኔታው ገና ነው» አለኝ። ሰማሁ። እውነትም ገና ነው። የሁላችንም ቤት 220 ቮልት፣ ሲንግል ፌዝ መሆኑን ባነሳበት ደግሞ «እሱ ቀላል ነው» አለና ወሬውን ወደ ኩሽኔታው መለሰው። ምጣድና ካውያ አንድ ላይ ሲሰኩ ብሬከሩ በሚወርድበት ቤት ይህን ያህል ተስፋ ማድረግ ከሃይማኖት የሚለየው ጾም ስለሌለው ብቻ ነው።

ሞተሩን አራተኛ ፎቅ ለማውጣት ሁለት ተሸካሚዎች ተቀጠሩ። ሊፍት የለንም። አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ፣ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ በዚያ ገደልና ሸለቆ አስጎትተዋል፤ በየፎቁ ያረፈው ሞተርም በጎረቤቶች ዘንድ ከዚያ ያላነሰ ዝና አትርፏል። ልዩነቱ ንጉሡ መድፉን መጀመሪያ ጋፋት ላይ ማሠራታቸው ነው።

በረንዳው ሲሞላ ወርክሾፑ ወደ ጋራ መጠቀሚያው ሕንፃ ተስፋፋ። ያ ቤት ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ ተብሎ የተሠራ ነው፤ አሁን ለፋሲካ በግ የሚያርድ ሰው መጀመሪያ የፍሪጅ ኮምፕረሰር ይገፋል። «ከእሱ የአየር መንፊያ ይሠራል» ተብሏል። ይሠራልም፤ የሠሩ አሉ። ቤታቸው ውስጥ ነገር ጀምረው የሚጨርሱትን ሰዎች ይህ ውዳሴ አይመለከታቸውም። እነሱን መለየት ቀላል ነው፤ በረንዳቸው ባዶ ነው።

ሚስቶች ግን ውለታ አያውቁም። የኢንጂነር ባለቤት አንድ ቀን ባሏ ቢሮ ሳለ ቁራሌውን ጠርታ አንዲት ዲናሞ አሰናበተች። ቅዳሜ ማታ ባል እየሳቀ ገባ፤ «አታምኚም! የዚያችን የዲናሞ መንትያ አገኘሁ! ጭረቷ እንኳ አንድ ነው!» ሴትዮዋ ምንም አላለችም። ቡና አፈላችለት።

ወርክሾፑ አንድም ሥራ አልሠራም ማለት ግን ሐሜት ነው። በዚንክ ከተለበጠ ቧንቧ የጫማ መደርደሪያ ተበይዷል። ጎረቤት እንዳይጮህ የበረንዳው መስኮት ተዘግቶ፣ ልባጩ ሳይፋቅ። ልባጩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ወዲያው አይታወቅም፤ ሰዓታት ቆይቶ ነው በትኩሳትና በብርድ የሚያንቀጠቅጠው። ኢንጂነር ሌሊቱን ብርድ ልብስ ተደራርቦለት አደረ፤ ጎረቤቱ ሁሉ ወባ ነው አለ። ጠዋት ሲሻለው ችግሩ የኤሌክትሮዱ ነው ብሎ ሌላ ማሽን ፍለጋ መርካቶ ወረደ። መደርደሪያው ወደ አንድ ጎን ስለሚያዘነብል ጫማው መሬት ላይ ነው።

ይህን ሁሉ በደስታ እችለው ነበር። የማልችለው አንድ ነገር አለ። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ሸክላ ሠሪውን በሥራው መስደብ ከልክለዋል፤ ብረት የሚነካ ሰው ጠይብ፣ ቡዳ እየተባለ ሲሸሽ የኖረበት አገር ነውና። ብረት በመውደድ የሚታወቀው ጎረቤታችን ግን ልጁ ቴክኒክና ሙያ ገብቼ ብረታ ብረት እማራለሁ ያለ ዕለት ሊያብድ ደረሰ። ሽማግሌ ተላከበት፤ ሽማግሌ ሆነን ከሄድነው አንዱ እኔ ነበርኩ። «የእኔ ልጅ ቀጥቃጭ ሊሆን ነው?» ሲል የተቀመጠው ባሌስትራ ላይ ነበር። ብረት ሲሰበሰብ ዕውቀት፣ ሲቀጠቀጥ ውርደት የሆነበት ቤት ውስጥ ምን ብለን እንመልስ? ምናለሽ ተራ ያለው ልጅ የዚያን ሞተር የመዳብ ጥቅል በዓይኑ ገምቶ ዋጋውን ይነግርሃል፤ ኢንጂነር ግን እሱን ልጅ «አንተ» እያለ ያዛል፣ ብረቱን «አንቱ» ለማለት ምንም አልቀረውም።

የኢንጂነር ልጅ ተረታ። አሁን አካውንቲንግ ያጠናል። ቢያንስ ንብረቱን ቆጥሮ የሚመዘግብ አይታጣም።