ይቺ ጉብታ፦ መጠነኛ ሐተታ

ከብቸና እስከ ሞጣ ባለው አገር ስለ ተራራ መጻፍ ጮቄን መድገም ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ቆሞ ለአባይ የሚገብሩ ወንዞችን የሚያፈልቅ ጌታ አጥኚ አጥቶ አያውቅም። ይህ ሐተታ የሚመለከተው ጉብታዋን ነው። ከሞጣ ወዲያ አባይ ላይ ያለው ድልድይ ተሰብሮ እንኳ «ሰባራ ድልድይ» የሚል ስም አትርፏል፤ እሷ ግን ሙሉ ሆና ስም የላትም። «ይቺ» ትባላለች።

ብቸና ራሷ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለችና የከፍታውን ወጪ ደጋው ሸፍኖላታል፤ ጉብታዋ የምትጨምረው የአንድ ባሕር ዛፍ ቁመት ቢሆን ነው። በክረምት ዋልካው በጫማ ላይ ስለሚደራረብ ተጓዡም አብሮ ይረዝማል፤ ይህም ልኬቱን ያዛባል።

አማርኛ ትንሹን ነገር በሴት ይጠራል። መንገደኛ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መንገድ የጠየቅኋቸው አዛውንት ዱላቸውን ከትከሻቸው ሳያወርዱ በከንፈራቸው ጠቁመው «ይቺን ጉብታ ስታልፍ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። አለፍኋት። ከኋላዋ ሌላ «ይቺ» ቆማ ጠበቀችኝ። እረኛ ጠየቅሁ፤ «ያቻትና! ከዚች ማዶ» አለኝ። ፀሐይ አዘቀዘቀች።

የሊቃውንቱ ገዳም ዲማ ጊዮርጊስ ከብቸና ሩቅ ስላልሆነ (በአገሬው መለኪያ ጥቂት ጉብታ ነው) በሊቃውንቱ ወግ እንተርጉመው። «ይቺን ጉብታ ስታልፍ» ማለታቸው፣ ስታልፍ ትደርሳለህ ሲሉ ነው። አንድም፣ ስታልፍ የምትጠይቀው ሌላ ሰው አታጣም ሲሉ ነው። አንድም፣ መንገዱን ባንዴ ብሰጠው ያንቀዋል፣ በጉብታ በጉብታ ቆርሼ ላጉርሰው ሲሉ ነው። እግሬ ሦስተኛውን ይቀበላል።

ከአናቷ ሲያዩ በአንድ ወገን ጮቄ ደመናውን ተከናንቧል፤ በምሥራቅ የጤፉ ማሳ እየተንሸራተተ ወርዶ አባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ ይቋረጣል፤ ከዚያ ማዶ ወሎ ነው። ይህን ለማየት ብሎ የወጣ የአገሬው ሰው ግን አላገኘሁም። የሚወጣው የጠፋ ከብት ሊፈልግ፣ ከገበያ የቀረ ሰው ሊጠባበቅ፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ደግሞ ኔትወርክ ፍለጋ ነው።

አንዲት እናት እግር ያለሰለሳት ድንጋይ ላይ ቆመው፣ ስልኩን በነጠላቸው ጫፍ ከነፋስ ከልለው «ሃሎ! ወጥቻለሁ እኮ! ሃሎ!» ይላሉ። ከድንጋዩ አንድ እርምጃ ቢወርዱ ይቆረጣል። ጨርሰው ዘወር ሲሉ እኔን አዩ፤ ባዶ እጄን፣ በሩቁ አፍጥጬ።

«ምን ጠፋብህ፣ ልጄ?»

«ምንም። አገሩን እያየሁ ነው፣ እማማ።»

በኀዘኔታ ዝም አሉ። ከዚያ አጠገቤ መጥተው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋረዱና እሳቸውም ቁልቁል ማሳውን ይቃኙ ጀመር።

«መልኳ ምን ዓይነት ነው?»