የሚቃወም አለ?

ሐምሌ ሲገባ በደቡብ ጎንደር ደጋ ሁለት ነገር አይቀርም፤ ከጉና የሚወርደው ጉምና የወረዳ ምክር ቤት የበጀት ጉባኤ። የትኛው ወረዳ እንደሆነ ስም አልጠራም። ፋርጣ ብል ፋርጣ ይቀየመኛል፤ ላይ ጋይንት ብል ታች ጋይንት «እኛን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ቀርቶ ነው» ብሎ ይከፋዋል። ደግሞም ሥርዓቱ የትም ያው ነው።

ሪፖርት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ይነበባል። «ክፍተት» ይበዛል፤ ከእያንዳንዱ ክፍተት ኋላ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይከተላል። አንዱ ተነሥቶ የድልድይ ነገር ቢያነሣ «እንደ ግብዓት እንወስደዋለን» ይባላል። ከዚያ የምሳ ሰዓት ይቃረባል፤ የምሳ ሰዓት ሲቃረብ ደግሞ አገር ይስማማል።

«የምትደግፉ?» ትላለች አፈ ጉባኤዋ። እጅ በእጅ ይሆናል። «የሚቃወም?» እዚህ ላይ የሚሰጠው ጊዜ ለማስነጠስ እንኳ አይበቃም። «ድምፀ ተአቅቦ? የለም። በሙሉ ድምፅ ጸድቋል!» ጭብጨባ።

ደጋግሜ ስታዘብ እጅም ዓይነት ዓይነት አለው። አንደኛው ቀዳሚ እጅ ነው፤ ጥያቄው ሳያልቅ ይወጣል፤ ባለቤቱ ሹመት የሚጠብቅ ነው። ሁለተኛው ተመልካች እጅ ነው፤ ፊት ረድፍ የተቀመጡት ዋና አስተዳዳሪ ክርናቸው መነቃነቁን ሳያረጋግጥ አይነሣም። ሦስተኛው እንቅልፋም እጅ ነው፤ በጎረቤት ጉሰማ ይነቃል፤ ምን እንዳጸደቀ የሚሰማው ምሳ ላይ ነው። አራተኛውና ብልሁ ግማሽ እጅ ነው፤ ከጋቢው ወጥቶ ጆሮ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ለሚቆጥረው ሰው ድጋፍ፣ ለኅሊናው ራስ ማከክ ነው።

አንድ ቀን ታዲያ «የሚቃወም?» ሲባል ከኋላ አንድ እጅ ወጣ። አዳራሹ ዞረ፤ ወንበር ተንቋቋ፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ እስክሪብቶውን አነሣ። «የተከበሩ አባል፣ ይቃወማሉ?» ስትል አፈ ጉባኤዋ ጠየቀች። «ኧረ እኔ የለሁበትም! ወደ ውጭ ወጣ ብዬ ልመለስ ብዬ ነው» አሉ ሰውዬው። አዳራሹ እፎይ አለ። በጀቱም እሳቸው ሳይመለሱ ጸደቀ።

እኚሁ ሰው እሑድ በእድራቸው ቢታዩ ግን ሌላ ሰው ናቸው። የድንኳን መስፊያ ክርና መርፌ ተገዛ ሲባል «ማን አዞ? ከየት ተገዛ? ደረሰኙ የታለ?» ብለው ይነሣሉ። ገንዘብ ያዡ ላቡን ይጠርጋል፤ ነገሩ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይተላለፋል። ለመርፌ አንድ እሑድ ሙሉ፣ ለወረዳው ሚሊዮኖች ግን አንድ እጅ!

ይህ አገር ክርክር አያውቅም እንዳይባል፣ ያውቃል። ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሳ እስከ ራስ አሊ የመሳፍንቱ መናገሻ በነበረችበት ዘመን እንኳ፣ ጌታው የፈለገውን ማድረግ በሚችልበት ችሎት ፊት፣ ባላገር «በላ ልበልሃ» ብሎ ሲሟገት ይውል ነበር። በምክር ቤት ዘመን ምን ነካን?

ጥፋቱን ሁሉ በአባሉ ላይ መጫን አይገባም። በ1994 ዓ.ም. የተሻሻለው የክልሉ ሕገ መንግሥት ወረዳንም ቀበሌንም የምክር ቤት ባለቤት አድርጓል፤ ጥቅል በጀትም በዚያው ሰሞን ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። በወረቀት ላይ ምክር ቤቱ የዋና አስተዳዳሪው አለቃ ነው። በአዳራሹ ግን አባሉ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ሲሆን፣ እድገቱና ዝውውሩ በእነዚያው ሊጠይቃቸው በተመረጠባቸው ሰዎች እጅ ነው። ሐምሌ ላይ «ለምን?» ያለ መምህር መስከረም ላይ መኪና በማይደርስበት ቀበሌ ሊያስተምር እንደሚችል ማንም አልነገረውም፤ ግን ያውቀዋል። በጀቱም ቢሆን ጣራው ከባሕር ዳር ተቆርጦ የመጣ፣ አብዛኛውም ለደመወዝ የሚውል ነው። ለክርክር የሚተርፈው ፍርፋሪ ነው።

ደግሞ እጁ የስንት ዓመት እጅ ነው? በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥር ወደ 300 ከፍ ብሎ ነበር፤ በአገር ደረጃ ሲደመር ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበር መሆኑ ነው። ወንበሩ ከሞላ ጎደል ሁሉም የኢሕአዴግና የአጋሮቹ ሆነ። ሦስት ሽማግሌ ስለ አንድ የእርሻ ድንበር በማይስማማበት አገር ሦስት መቶ ሰው በአንድ ቃል ሲስማማ እንደ ተአምር መቆጠር ነበረበት። በ2005 ምርጫው ተደገመ፤ ውጤቱም ተደገመ። ቀጣዩ በ2010 መደረግ ሲገባው ተራዘመ፤ በ2011 ደግሞ ተራዘመ። ማራዘሙም በተወካዮች ምክር ቤት እጅ ወጥቶበት ነው የጸደቀው። የ2013ቱ ምርጫ ለፌዴራልና ለክልል ምክር ቤቶች፣ ለአዲስ አበባና ለድሬዳዋ ሲሆን፣ ወረዳና ቀበሌ ቆመው አዩ። ለአምስት ዓመት የተሰጠ ውክልና እንዲህ ሲለጠጥ፣ የእድር ዳኛ ግን ካልጣመ በዓመቱ ይወርዳል። ሰውዬው በእድር የሚጮሁት፣ በምክር ቤት የሚተኙት ለዚህ ነው።

ዞናችንማ ከዚህ ሁሉ ድካም ተገላግሏል። በክልሉ የአዊ፣ የዋግ ኽምራና የኦሮሞ ብሔረሰብ አስተዳደሮች የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። ደብረ ታቦር ላይ የተቀመጠው ደቡብ ጎንደር ዞን ግን የክልሉ ክንድ ነው፤ ምክር ቤት የለውም። ክንድ አለው፣ የሚወጣ እጅ የለውም።

የተከበራችሁ ተመራጮች፣ ተቃወሙ አላልኩም፤ ቤተሰብ አላችሁ። ግን እሑድ ስለ መርፌው የጠየቃችሁትን ሰኞ ስለ ድልድዩ ጠይቁ። አንተም አንባቢ ሆይ፣ በእነርሱ ብቻ አትሳቅ። የእድርህን ገንዘብ ያዥ ስም ከእነ አባቱ ታውቃለህ። በወረዳህ ምክር ቤት ስለ አንተ እጁን የሚያወጣው ማን እንደሆነ ግን ጠይቀህ ታውቃለህ? ካልጠየቅህ የመጀመሪያው ጥያቄ ያንተ ይሁን።