የቆርቆሮው ተሳላሚዎች

ኔቫዳ በረሃ ውስጥ ስም እንኳ ያልወጣለት ኮረብታ ሞልቷል። ካርታው ላይ ያለው የከፍታው ቁጥር ብቻ ነው። መንገድ የለው፣ ውኃ የለው፣ ጥላ የለው፤ አናቱ ላይ ወጥተው ቢያማትሩ የሚታየውም ሌላ ስም የለሽ ኮረብታ ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ቦታ ትቶ ሰው የት ይሂድ?

እኛ ኋላ ቀሮቹ ተራራ የምንወጣው ጉዳይ ሲኖረን ነው። ደብረ ዳሞን በጠፍር ተንጠልጥሎ የሚወጣው ምእመን ከላይ ታቦት አለለት። እረኛም ፍየል ካልጠፋችበት ቋጥኝ አይቧጥጥም። የአሜሪካ በረሃ ተጓዥ ከዚህ ሁሉ ነፃ ወጥቷል፤ እሱን ከላይ የሚጠብቀው ቆርቆሮ ነው።

አዎ፣ ቆርቆሮ። ድንጋይ ክምር ውስጥ የተሸጎጠ፣ ዝገት የበላው። ሲከፈት የላስቲክ ከረጢት፣ ከከረጢቱ ውስጥ ትንሽ ደብተርና ጉማጅ እርሳስ ይወጣል። ስም፣ ቀን፣ በየት በኩል እንደተወጣ፣ ስንት ሰዓት እንደፈጀ ይሞላል። ከቢሮ ሽሽት ስልክ የማይሠራበት ድረስ የነዳ ሰው፣ እሾህ ሲቧጭረው አርፍዶ፣ በመጨረሻ የሰዓት ፊርማ ይፈርማል! ደብተሩን ወደ ኋላ ቢያገላብጡት ደግሞ በየዓመቱ የሚፈርሙት እነዚያው ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከሰው ሸሽተው መጥተው፣ «ማን ቀደመኝ» እያሉ በደብተር ይጠባበቃሉ።

ታዲያ ኮረብታ ሁሉ ተጓዦቹ ሳጥን እየሞሉ በሚጨርሱት ዝርዝር ውስጥ አይቆጠርም፤ ሕግ አለው። በምዕራብ አሜሪካ በተለመደው መስፈርት፣ ከፍ ካለው ጎረቤቱ ጋር ከሚያገናኘው ኮርቻ ቢያንስ 300 ጫማ፣ 91 ሜትር ገደማ መሆኑ ነው፣ ብቅ ማለት አለበት። 299 ከሆነ ጉብታ ነው፤ የፈሰሰው ላብ ሜዳ ቀረ። ይባስ ብሎ ሊዳር የሚሉት የጨረር መለኪያ ከአውሮፕላን ላይ ሆኖ ልኩን እያረመ፣ ትናንት ተራራ የነበረውን ዛሬ ከማዕረጉ ያወርደዋል። ደግነቱ ኔቫዳ ከ300 በላይ የተራራ ሰንሰለቶች ስላሏት ሥራ መፍታት የለም።

ፈሊጡ አዲስ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1937 የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ግራንድ ካንየን ውስጥ ወዳለው ሺቫ ቴምፕል ወደተባለው አምባ የተመራማሪዎች ቡድን ላከ። ከዓለም ተቆርጠው የኖሩ እንስሳት ይገኙ ይሆናል በሚል ጋዜጦቹ ዳይኖሰር እስከ መጠበቅ ደረሱ። ቡድኑ ተንጠራርቶ ወጣ። የጠበቀው አይጥና የአይጥ ዘመድ ነው፤ ነባሮቹ የአሜሪካ ሕዝቦች ጥንት ትተውት የሄዱት አሻራም ነበር። ከሁሉ የሚልቀው ግኝት ግን አንድ ባዶ የኮዳክ ፊልም ካርቶን ሆነ። ካንየኑ ጠርዝ ላይ የሚኖረው ፎቶ አንሺ ኤመሪ ኮልብ ቀድሟቸው ወጥቶ፣ ሆን ብሎ ጥሎላቸው ወርዷል። እኔ በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ተራራ የወጣበት ምክንያት የገባኝ ሰው ኮልብ ብቻ ነው።

እዚያው ካንየን ውስጥ የሳባ ቤተ መቅደስ የተባለ አምባም አለ። ጎረቤቱ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የሰሎሞን ቤተ መቅደስ! አሪዞና ድረስም አለቀቃትም። ላስ ቬጋስ የከተምነው ሐበሾች ታክሲያችንን አቁመን፣ ንግሥታችንን ወጥተን ሳንፈርምላት ዝም ማለታችን ያሳፍራል።

ከእኛ የባሱ ግን አሉ። ኒው ሜክሲኮ ያለውን ሺፕሮክ የተባለ ቋጥኝ የአካባቢው ነባር ሕዝብ ናቫሆዎች ቅዱስ ነው ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1939 አራት አሜሪካውያን ድንጋዩን ሰርስረው ብሎን እየቀረቀሩ አናቱ ላይ ወጡ፤ ተጨበጨበላቸው። ናቫሆዎች ግን በ1970 መውጣት ክልክል ነው አሉ። ተራራን ከታች ሆኖ ማክበር ምን የሚሉት ነው? ዝርዝሩ ላይ የሚቀረውን ባዶ ሳጥንስ ማን ሊሞላው ነው?