የቁማር ቤቱ ምርቃት

ሽንኩርት የምትቸረችር ሴት መዝና ስታበቃ አንድ ሁለት ራስ ትመርቃለች። ምስኪን! የምትመርቀው ከራሷ ክምር ነው፤ ንግድ ገና አልገባትም። የኢንተርኔት ፖከር ቤቶች ግን ምርቃትን አሠልጥነውታል። ከገዢው ዘንቢል አንስተው መልሰው ለገዢው ይመርቃሉ። ይህን ቸርነት ሬክባክ ይሉታል።

ለማያውቀው ሰው፦ በፖከር ተጫዋቾች የሚበላሉት እርስ በርሳቸው ነው። ቤቱ ካርድ አይዝም፣ አይበላም። መሃል ላይ ከተጠራቀመው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ ገደማ፣ ጣሪያ አበጅቶ፣ ቆንጥሮ ያስቀራል እንጂ። ይህ ሬክ ነው። መሃል ላይ 40 ዶላር ካለ 2 ዶላር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ቤቱ 27 በመቶ ሬክባክ የሚሰጥ ከሆነ ከዚያ ላይ 54 ሳንቲም ይመልሳል። የቀረችው 1 ዶላር ከ46 ሳንቲም የት ገባች ብሎ መጠየቅ ምርቃት ለተቀበለ ሰው አያምርም።

ጥቅሙን መካድ ግን ግፍ ነው። የጎበዝ ተጫዋች ትርፍ እንኳ ስስ ናት፤ የሬኩ ሲሶ ሲመለስለት ትንፋሽ ያገኛል። ሁለት ጠረጴዛዎች በሌላው ሁሉ እኩል ሆነው ሳለ ሬክባክ ያለውን ትቶ ከሌለው የሚቀመጥ ሰው ሞኝ ነው። እዚህ ላይ አልቀለድኩም።

ደግሞም ሬክባክ አዲስ ሙያ ፈጥሯል። ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ ጥቂት እየተበላ ይውላል፣ ቢቀናው እኩል ለእኩል ይነሣል፤ የሚኖረው በምላሹ ነው። ምላሹ የሚታሰበው በበላው ሳይሆን በተቆነጠረው ስለሆነ፣ አሥር ሃያ ጠረጴዛ በአንድ ጊዜ ከፍቶ ዓይኑ እስኪቀላ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል። ሌላው ቁማርተኛ የጎደለበትን ከሚስቱ ይደብቃል፤ ይህኛው ስንት እንደተቆነጠረ በሠንጠረዥ መዝግቦ ለጓደኞቹ ያሳያል። ደክሞት ሊተኛ ሲል ምላሹ ከፍ ወደሚልበት ደረጃ ለመድረስ በሬክ የሚገኝ ጥቂት ነጥብ እንደጎደለው ስክሪኑ ይነግረዋል። ቁጭ ይላል። ነጥቡን ሊሞላ ሲል በእንቅልፍ ልቡ የወሩን ምላሽ ተበልቶ ይነሣል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችው ሴት ቢያንስ ቆጡ የራሷ ነበር።

ስሌቱም ፍትሐዊ ነው። በአንዱ ዘዴ ካርድ የደረሰው ሁሉ፣ ወዲያው ቢጥልም፣ ሬኩን እኩል እንደከፈለ ይቆጠርለታል። በሌላው ዘዴ መሃል ላይ ባስቀመጠው ገንዘብ ልክ ነው። በመጀመሪያው ጠንቃቃው፣ በሁለተኛው ደፋሩ ይጠቀማል። ቤቱ በሁለቱም አይከፋውም።

የቸሮች ሁሉ ቁንጮ ፉል ቲልት ፖከር ነበር። 27 በመቶ ይመልስ ነበር፤ ግን በደላላ በኩል ለተመዘገበ ብቻ። በገዛ እግሩ መጥቶ ለዓመታት ሲቆነጠር የኖረ ደንበኛ ለእኔስ ቢል፣ ቀድሞ መምጣቱ ራሱ ጥፋት ሆኖ ይገኝበታል። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2011 የአሜሪካ ዐቃቤያነ ሕግ በፉል ቲልት፣ በፖከርስታርስና በአብሶሉት ፖከር ሰዎች ላይ ያቀረቡትን ክስ ይፋ አደረጉ። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር እንደገለጹት፣ ፉል ቲልት ለተጫዋቾች 390 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ሲኖርበት ባንክ ያለው 60 ሚሊዮን ገደማ ነበር። ለባለቤቶቹና ለቦርድ አባላቱ ግን ከ440 ሚሊዮን በላይ ተከፋፍሏል። ከባንክ ያልሰበሰበውን ገንዘብ ሳይቀር በተጫዋቾች ሒሳብ ላይ እንደገባ አድርጎ ይጽፍ ነበር። እንግዲህ ከሌለ ገንዘብ ሬክ ይቆነጠራል፣ ከዚያ ሬክ ላይ ሬክባክ ይመለሳል፣ ተቀባዩም ያመሰግናል! ሃያ ሰባቱን በመቶ ሳይሰለች የመለሰው ቤት ዋናውን ገንዘብ ሲጠየቅ ኪሱን ገለበጠ። አሜሪካውያኑ ተጫዋቾች ገንዘባቸውን ማግኘት የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2014 ነው።

ፖከርስታርስ ደግሞ ሬክባክን በማዕረግ አሳመረው። ከፍተኛው ማዕረግ ሱፐርኖቫ ኤሊት ይባል ነበር፤ በዓመት 1 ሚሊዮን ነጥብ ይጠይቅ ነበር። ለአንድ ዶላር ሬክ 5.5 ነጥብ ሲታሰብ፣ ለማዕረጉ ከ180 ሺህ ዶላር በላይ ይቆነጠር ነበር ማለት ነው። በዚህ ዋጋ ደጃዝማችነት የሚሸጥ ቢኖር እንኳ ውድ ነው ይባል ነበር። በኖቬምበር 2015፣ ተጫዋቾቹ ዓመቱን ሙሉ ሲለፉ ከርመው ሊጨርሱ ሲሉ፣ በዚያ ድካም ያገኙት የ2016 ጥቅም እንደሚቀነስ ኩባንያው አስታወቀ።

ተጫዋቾቹ አደሙ። ከዲሴምበር 1 ጀምሮ ለሦስት ቀን አንቀመጥም አሉ። ባልተቀመጡባቸው ሦስት ቀናት ከኪሳቸው የወጣ ሬክ አልነበረም፤ ያለ ደላላ፣ ያለ ነጥብ፣ ያለ ማዕረግ፣ መቶ በመቶ እዚያው ቀረላቸው። ኩባንያው ሐሳቡን ስላልቀየረ ግን አድማው ከሸፈ ተባለ።