ማር የበላው ማን ነው? በላስታ የስሞች አመጣጥ ላይ የቀረበ ጥናት

የዚህ ጥናት መነሻ ቀላል ነው። አንድ ንጉሥ፣ አንድ ከተማና ጎህ ሳይቀድ ደጅ ላይ ቆሞ የሚያዜም አንድ ለማኝ በአንድ ስም ይጠራሉ። ንጉሡ ካረፉ ስምንት መቶ ዓመት አልፏል፤ ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጧል፤ ለማኙ ደግሞ ነገ ሊነጋጋ ሲል ሊመጣ ይችላል። ሦስቱን ምን እንደሚያገናኛቸው ጠይቆ ከላስታ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው የለም። ሦስት አራት መልስ ተሸክሞ ነው የሚመለሰው፤ ችግሩም እሱ ነው።

በንቡ እንጀምር። እንደ ትውፊቱ የወደፊቱ ንጉሥ በተወለደ ጊዜ የንብ መንጋ ከበበው፤ እናቱም ይህን አይታ “ላሊበላ” አለች። ከዚህ በኋላ ተርጓሚዎቹ ለሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው፣ የቤተ መንግሥት ወገን ልበለው፣ “ንቦች ጌትነቱን አወቁለት” ማለት ነው ይላል። ሁለተኛው የጓዳ ወገን ነው፤ በአገውኛ ላል ማር ነውና ስሙ “ማር ይበላል” ማለት ነው ባይ ነው። ጥናቱ ሁለቱንም በእኩል ያከብራል፤ ሆኖም የላስታን ነጭ ማር የቀመሰ ገምጋሚ ገለልተኛ ሆኖ ለመቀጠል እንደሚቸገር መመዝገብ አለበት። የጓዳው ወገን ከረታ ደግሞ እናትየዋ አራስ ሆና ግማሹን በአገውኛ፣ ግማሹን በአማርኛ ተናግራለች ማለት ነው። ቦሌ ላይ ቋንቋ ደባለቁ እየተባሉ የሚታሙ ወጣቶች ይህን ጥናት በመከላከያነት ሊጠቅሱት ይችላሉ። የዓይን ምስክሮቹን በተመለከተ፣ በቢልባላ ጊዮርጊስ ግድግዳ ውስጥ ዛሬም ንቦች ይኖራሉ፤ ማራቸውም ለፈውስ ይፈለጋል። ቀርቦ ቃላቸውን የተቀበለ አጥኚ ግን እስካሁን አልተገኘም።

የንጉሡ ወገን የሆኑት የዛጉዌ ነገሥታት ስምም ግስ አለው። ይምርሐነ ክርስቶስ ማለት “ክርስቶስ ይምራን” ነው፤ ነአኩቶ ለአብ ማለት “አብን እናመስግነው” ነው። ሌላ አገር ለልጅ ስም ይወጣለታል፤ እዚህ ዓረፍተ ነገር ይወጣለታል። ልማዱ ከላስታ ውጭም ታይቷል። እቴጌ ጣይቱ አበባ አይተው “አዲስ አበባ” አሉ፤ አፄ ዮሐንስ ድንኳናቸውን ተክለው ደስ ሲላቸው “ደሴ” አሉ ይባላል። ከዚህ የሚወጣው ሕግ፣ አንድ ትልቅ ሰው ተገርሞ አንድ ነገር ይላል፣ አጠገቡ የቆመ ሌላ ሰው ሰምቶ ይይዛል፣ አገሩም ዕድሜ ልኩን ይሸከማል የሚል ነው። ሳይገረም ቦታ የሰየመ ንጉሥ በትውፊታችን ውስጥ ፈልጌ አጣሁ። ሰምቶ ስለያዘው ሰው ደግሞ ማንም አንስቶ አያውቅም፤ የታሪካችን ዋና ጸሐፊ እሱ ይመስለኛል።

ከሕጉ የሚያፈነግጠው ከተማው ራሱ ነው። ሮሃ ይባል የነበረው አገር በግርምት ሳይሆን ኢየሩሳሌምን በመምሰል ዮርዳኖስ፣ ጎልጎታ፣ ቤተ ልሔም የሚባሉ ስፍራዎች ያሉት ሆነ፤ ከቤተ ገብርኤልና ሩፋኤል ወደ ቤተ መርቆሬዎስ የሚወስደው ጨለማ ዋሻ ሲኦል ይባላል፤ በእጅ እየዳሰሱ ያልፉታል። እዚህ ላይ አንድ የጎን ግኝት አለ። ዓረቦች በመስቀል ጦርነት ዘመን የምዕራብ አውሮፓን ሰው ሁሉ በፍራንኮች ስም ይጠሩት ነበር፤ የእኛ “ፈረንጅ” ከዚያ የመጣ ነው። ሳላሃዲን እ.ኤ.አ. በ1187 ከኢየሩሳሌም ያስወጣቸው እነዚሁ ፈረንጆች ዛሬ ዳግማዊት ኢየሩሳሌም በትኬት ይገባሉ፤ ሕፃናቱም ከሩቅ አይተው በዚያው በስማቸው ይጠሯቸዋል።

ማስረጃን በሚመለከት ፈር ቀዳጁ ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ነው። በ1520ዎቹ የከተማውን አብያተ ክርስቲያናት አየ፤ እ.ኤ.አ. በ1540 በታተመው መጽሐፉም የሚያምነኝ የለም ብሎ መጻፍ እንደታከተው ገልጾ፣ ያየው እውነት ለመሆኑ በእግዚአብሔር ማለ። ለግርጌ ማስታወሻ ምትክ መሐላ መጠቀም በላስታ ጥናት እስካሁን አልተሻረም። ከመሐላ በላይ ለሚጠይቅ ግትር፣ ቤተ ጊዮርጊስ ዓለቱ ላይ የሰማዕቱን ፈረስ ኮቴ ያሳዩታል።

አሁን ወደ ለማኙ። ላሊበላዎች ብዙ ጊዜ ባልና ሚስት ሆነው ይመጣሉ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል። ካላዜምን ሥጋ ደዌ ይወጣብናል የሚል እምነት ከነሱ ጋር ኖሯል። ኖርዌጃዊው ሐኪም ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 የበሽታውን ተህዋሲ አገኘ፤ ተህዋሲው ዜማ እንደሚፈራ ግን የጻፈው ነገር የለም። ስማቸውን ለማስረዳት አንዳንዱ ዘራቸውን ከላስታ ይስባል። የዚህ ጥናት የራሱ መላ ምት “ሌሊት ይበላል” የሚል ነው፤ ድጋፉ የሰዓቱ መግጠም ብቻ ነው፤ ከንቡ መላ ምት ግን አያንስም።

የአሠራራቸው ጥራት ግን አያከራክርም። ላሊበላ ደጅህ ከመቆሙ በፊት ጎረቤት ጠይቆ ስምህን፣ የልጆችህን ስምና ሥራህን አጣርቷል። ግኝቱን ባለቤቱ በተኛበት፣ ውሾች በሚገመግሙት ጉባኤ ያቀርባል። ቀን መዝገብ ቤት ፋይል ሲያመላልስ የሚውል ሰው በዚያ ሰዓት የአንበሳ ልጅ፣ የድሃ አባት፣ የጦር መሪ ዘር ሆኖ ይነቃል። የጓሮው ጎመን ሳይቀር ይወደሳል። በሩ ሳይከፈት ከቆየ ማዕረጉ መጀመሪያ ይጨምራል፤ ቀጥሎ ቆም ይላል፤ ከዚያ ሽሙጡ ይገባና ያው አንበሳ ቆጥቋጣ ሆኖ ያርፋል። እንጀራ ወይም ብር ሲወጣ የዘር ሐረጉ ወዲያው ይታደሳል፤ ምርቃት ይከተላል፤ ባለሙያዎቹም ወደሚቀጥለው በር ያልፋሉ።

አስጎብኚውም ቀን ላይ ያው ነው። ስለ ንቡ ያለው ትረካ በጎብኚው ፊት ይረዝማል፣ በጎብኚው ሰዓት ያጥራል። ልዩነቱ አንደኛው የንጉሡን ስም ለእንግዳው፣ ሌላው የባለቤቱን ስም ለባለቤቱ መፍታቱ ላይ ነው።

ጥናቱ ይቀጥላል። በሚቀጥለው ክፍል የአንባቢያን ስም አመጣጥ፣ ከነአያት ቅድመ አያታቸው ጀግንነት፣ በዝርዝር ይታያል፤ ለዚህ ሥራ መዋጮ በጥሬ ብር ቢሆን ይመረጣል። ከንጋቱ 11 ሰዓት በፊት ለሚልኩ ምርቃቱ ሳይውል ሳያድር ይደርሳቸዋል፤ ያልላኩትን ስም ጎረቤታቸው ነግሮናል።