የግማሽ ራስ ወግ

በጆሃንስበርግ መካከል፣ ማዘጋጃ ቤቱ ራሂማ ሙሳ ብሎ የሰየመው፣ እኛ ግን እስከ ዛሬ ጄፒ ማለትን ያልተውንለት ጎዳና አለ፤ በዚያ፣ ከአንድ ፎቅ ሁለተኛው ደርብ ላይ፣ ፀጉር የሚያስተካክለኝ ወዳጅ አለኝ። እጁ የተባረከ ነው፤ ዳሩ ግን አንደበቱና ቶንዶሱ በአንድ ጊዜ መሥራት አይሆንላቸውም፤ ክርክር በተነሣ ቁጥር መሣሪያውን አጥፍቶ ቆሞ ይሟገታል፣ የደንበኛውም ራስ ቤት ሳይመታ እንደ ቀረ ቅኔ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ባለፈው ቅዳሜ ቀኜ ተከርክሞ ግራዬ ገና ጎፈሬ ሳለ፣ ከጄፒ ቡና የማይጠፋው ጥያቄ መጣ፤ ከአሜሪካ ፕሬዚዳንቶች ማን ይልቃል፣ ማንስ ይከፋል? ቶንዶሱ ጠፋ።

ባለቤቱ ትልቁን ቡሽን መረጠ፤ ማስረጃውም በ1983 ዓ.ም. የፈረመው፣ ዲቪን የወለደው ሕግ ነው። እሱ ራሱ አሥራ አንድ ጊዜ ሞልቶ አንድ ጊዜ እንኳ ያልደረሰው መሆኑ ሃይማኖቱን አላናወጠበትም። ተራቸውን የሚጠብቁ አንድ አዛውንት ግን በ77ቱ ድርቅ ስንዴ የላከው ሬገን ነው ብለው ማሉ። በክፉው ላይ ልዩነት አልነበረም፤ ካርተር! በ1969 ዓ.ም. ሶማሊያ ኦጋዴንን ስትወር መሣሪያ ከለከለን፣ አሉ። ይኼኔ ከጎረቤት ሱቅ ብርድ ልብስ የሚሸጠው ሶማሌ አንገቱን አስገብቶ፣ «ለእኛም በዚያው ዓመት እሰጣለሁ ብሎ ነው የካደን» አለና አጸደቀ። በኦጋዴን ያልታረቁት ሁለት ሕዝቦች፣ እኔን በግማሽ ጎፈሬ አስቀምጠው፣ በካርተር ላይ ታረቁ።

እኔም ዝም ማለት አልሆነልኝ፤ በእሱ ስም የቆመው ማዕከል በአማራ አገር በየቀበሌው ባሳደለው መድኃኒት እናቴ ከዓይን ማዝ መዳኗን ብናገር፣ «ጋሼ፣ እሱ ከሥልጣን ከወረደ በኋላ ነው፤ አይቆጠርም» ተባልሁ።

ወለሉን የምትጠርገው፣ ሁላችን ማማ የምንላት የአገሩ ሴት፣ የምንጮኸው ስለ ምን እንደሆነ ጠየቀች። ብንነግራት መጥረጊያዋን አቆመችና፣ ሬገን ማለት በአፓርታይድ ላይ የወጣውን የማዕቀብ ሕግ አልፈርምም ያለው አይደለምን አለች። እርሱ ነው፤ በ1979 ዓ.ም. መስከረም ሕጉን መለሰው፣ ምክር ቤቶቹም በላዩ ላይ አጸደቁት። አዛውንቱ ሳይታወኩ፣ «እሱ የእናንተ ጉዳይ ነው» አሉ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ። የእናንተ! እነርሱ ታስረውና ሞተው በከፈቱት ደጅ ገብተን፣ በምድራቸው ነግደን፣ የወደቀ ፀጉራችንን በእጃቸው አስጠርገን፣ የተቀመጥንበትን ሰፈር የሚወክለውን የምክር ቤት አባል ስም ከመካከላችን አንድ ስንኳ ሳያውቅ፣ ድምፅ የማንሰጥበትን የባሕር ማዶ ዙፋን በስንዴና በሎተሪ እየሰፈርን ሹመት ስናድል፣ የተጎዳው ሲናገር «የእናንተ» እንላለን! ይህንኑ ጮኼ ተናገርሁ። ነገር ግን ራሱ ለሁለት የተከፈለ ሰው ሲቆጣ ግርማ የለውም፤ ማማ ራስዋ ቀድማ ሳቀች፣ አዛውንቱም ይቅርታ ነው መሰለኝ የቡና ስኒያቸውን ወደ እርስዋ ገፋ አደረጉ። ከዚያ ወዲያ እኔም ካርተርን በእናቴ የዓይን ቆብ መስፈሬ ትዝ ብሎኝ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ቶንዶሱ ተነሣ፤ በግራ ጆሮዬ በኩል ማጉረምረምም ጀመረ። ምነው በዚያው ዝም ባልሁ ኖሮ! ነገሩን ለማለዘብ ብዬ፣ ለእኔ የሚሻለው ዘጠነኛው፣ ሃሪሰን የተባለው ነው፤ በ1833 ዓ.ም. በሹመቱ ቀን ከሁሉ የረዘመውን ንግግር አድርጎ፣ በወሩ ሞተ፤ ማንንም ለመበደል ጊዜ አላገኘም፣ አልሁ።

ድምፁ ቀጥ አለ።

«በአንድ ወር?» አለ ወዳጄ፣ ቶንዶሱን ጠረጴዛው ላይ አኑሮ ወንበር እየሳበ። ነገ እሑድ ነው፤ ቅዳሴ ውስጥ ደግሞ ባርኔጣ አይደረግም።