አህያዋና ዳውላው፦ አሻንጉሊት የታቀፈ ዐዋቂ በሴኩሪቲ ፊት ሲያልፍ ስለሚሆነው ነገር የቀረበ ጥናት

፩. መንደርደሪያ

ሕፃን ልጅ አሻንጉሊት ታቅፎ የገበያ ማዕከል ቢገባ ዘወር ብሎ የሚያየው የለም። ዐዋቂ ሰው ውሻ አስከትሎ ቢመጣ ደንብ አለ፤ ብስክሌት እየገፋ ቢመጣ ደንብ አለ፤ አይስክሬም እየላሰ ልብስ መደብር ቢገባም ደንብ አይታጣለትም። ዕድሜው አርባን የተሻገረ፣ ግብሩን በወቅቱ የሚከፍል፣ መንጃ ፈቃዱ ያልተነጠቀ ሰው አሻንጉሊት ታቅፎ ብቅ ሲል ግን የጥበቃው መመሪያ ገጽ በገጽ ቢገለበጥ አንድም ቃል አይተነፍስም። ይህ ጥናት የሚመረምረው ያንን ዝምታ፣ በተለይም ከዝምታው በኋላ የሚመጣውን ውሳኔ ነው።

የጥናቱ ክልል ዋሽንግተን ዲሲና አጎራባቾቹ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ናቸው። ስፍራው የተመረጠው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሐውልቱ፣ ሙዚየሙና ሞሉ ስለሚበዛ አሻንጉሊቱን ይዞ ፎቶ ለማንሣት የሚዞር ሰው አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ከፓርኪንግ እስከ ቢሮ ሎቢ ሐበሻ ያልቆመበት በር ማግኘት ስለሚያስቸግር መረጃው በአማርኛ ይሰበሰባል። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

፪. የጥናቱ ዘዴ

መረጃው የተሰበሰበው በምልከታ ነው። ለሴኩሪቲ ቆሞ ማየት ደመወዝ የሚከፈልበት ሥራ ስለሆነ ለምርምሩ የተለየ በጀት አላስፈለገም። ምልከታውን ለማዳበር ከሌሎች ሴኩሪቲዎች ጋር በፈረቃ መለዋወጫ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ተደርጓል። ተጠያቂዎቹ ስማቸው እንዲገለጽ አልፈቀዱም፤ ሱፐርቫይዘራቸው አማርኛ ያነባል። ናሙናው ለስታትስቲክስ አይበቃም፤ ለቡና ወሬ ግን ይተርፋል።

፫. የአሻንጉሊቶች ምደባ

ሰብሳቢዎች አሻንጉሊቶቻቸውን በፋብሪካ፣ በዘመንና በዋጋ ይመድባሉ። ይህ ጥናት በሴኩሪቲው ላይ በሚያደርሱት ጭንቀት መጠን መድቧቸዋል።

አንደኛ ደረጃ፣ ባርቢ። በ1959 በኒውዮርክ የአሻንጉሊት ትርኢት ላይ ለሕዝብ የቀረበች ሲሆን ቁመቷ 29 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ቦርሳ ውስጥ ትገባለች፣ ሁሉም ያውቃታል፣ የሴኩሪቲው ልጅም አላት። የሚያስከትለው ጭንቀት የለም።

ሁለተኛ ደረጃ፣ ብላይዝ። በ1972 ኬነር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣት፣ ጭንቅላቷ ከሰውነቷ ጋር የማይመጣጠን አሻንጉሊት ናት። ከጭንቅላቷ ኋላ ያለው ክር ሲሳብ ዓይኗ ይከደንና ሌላ ቀለም ይዞ ይገለጣል፤ አራት ቀለም አላት። ገበያ ላይ የቆየችው አንድ ዓመት ብቻ ነው። በ2000 ግን ጂና ጋራን የተባለች ፎቶ አንሺ የብላይዝን ፎቶዎች በመጽሐፍ አሳተመች፤ በ2001 የጃፓኑ ታካራ እንደ አዲስ ማምረት ጀመረ። አሻንጉሊትን እንደ ሙሽራ እያዞሩ ፎቶ ማንሣት እንዲስፋፋ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይህ መጽሐፍ ነው። ከሴኩሪቲው ወገን ሲታይ የብላይዝ ችግር ክሩ ነው። አንዲት ሴት በሕዝብ መሐል ተቀምጣ ክር ስትስብና የሆነ ነገር ቀለሙን ሲለውጥ ያየ ጠባቂ፣ በሥልጠናው የተማረውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ያስታውሳል።

ሦስተኛ ደረጃ፣ ባለ መገጣጠሚያዋ የሬዚን አሻንጉሊት። የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው ቮልክስ የተባለው የኪዮቶ ኩባንያ በ1999 ሱፐር ዶልፊ ብሎ ካወጣቸው ነው። ትልልቆቹ 60 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ናቸው። መገጣጠሚያቸው ድቡልቡል ነው፤ አካላቸውን አንድ ላይ የያዘው በውስጣቸው የተወጠረ ላስቲክና የብረት ሜንጦ ነው። የራስ ቅላቸው ይከፈታል፣ ዓይናቸው ይወልቃል፣ ፀጉራቸው ይቀየራል። ዋጋቸው ከብዙ መቶ እስከ ሺህ ዶላርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። የሚጓዙት በረጅም ከረጢት ነው። ረጅም ከረጢት ከፍቶ እግር ያየ ሴኩሪቲ የቀረውን ለማየት የሚወስድበት ጊዜ እንደየሰው ይለያያል።

አራተኛ ደረጃ፣ ሪቦርን። ከእውነተኛ ጨቅላ እንዳይለይ ሆኖ የሚሠራ የቪኒል ሕፃን ነው። ፀጉሩ አንድ በአንድ በመርፌ ይተከላል፤ ሲታቀፉት ልጅ ልጅ እንዲል ክብደት ይሞላበታል። በ2016 ክረምት በኒው ሃምፕሻየር ግዛት በኪን ከተማ አንድ የፖሊስ መኮንን በቆመ መኪና ውስጥ በፀሐይ የተረሳ ሕፃን መስሎት መስታወት ሰብሮ አወጣው፤ ነፍሱን ሊያተርፍ ሲታገል ሕፃኑ አሻንጉሊት ሆኖ ተገኘ። የመስታወቱን ወጪ ፖሊስ ችሏል። ጥናት አቅራቢው መኮንኑ ላይ አይስቅም፤ መመሪያ የነበረው ለሕፃን ነው፣ እሱም የተከተለው መመሪያውን ነው።

፬. የመስክ ምልከታ

ከዚህ በታች የቀረበው ስሙ በማይገለጽ ሞል ውስጥ፣ ፎቅ ላይ በተሠማራ ወጣት ሴኩሪቲና ዴስክ ላይ በተቀመጡ ጎልማሳ ባልደረባው መካከል በሬድዮ የተደረገ ንግግር ነው።

«ጋሼ፣ ፏፏቴው ጋ አንዲት ሴትዮ ሕፃን አስቀምጣለች።»

«ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«አይንቀሳቀስም።»

«ተኝቶ ይሆናላ።»

«ዓይኑ ክፍት ነው።»

እዚህ ላይ ሬድዮው ለጥቂት ጊዜ ይንሿሿል።

«አምቡላንስ ልጥራ?»

«ቆይ ጋሼ። ፀጉሩን አወለቀችው።»

«ምኑን?»

«ፀጉሩን። አሁን ሌላ አደረገችለት። ቀይ።»

«በስመ አብ! እንዳትነካ፣ ራቅ በል። ሌላ ምን ይዛለች?»

«ካሜራ። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያም አላት።»

«እንዲህ በለኛ! ትሪፖድ ክልክል ነው በላት።»

የመጨረሻው ዐረፍተ ነገር የተነገረበት ድምፅ፣ የጠፋበትን ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ያገኘ ሰው ድምፅ ነው። ወጣቱ ሄዶ ነገራት። ሴትዮዋ ይቅርታ ጠይቃ ትሪፖዱን አጥፋ ከረጢቷ ውስጥ ከተተች፤ አሻንጉሊቷን የአበባ መደቡ ላይ አስደግፋ በስልኳ ማንሣቷን ቀጠለች። ወጣቱ ደንቡ መከበሩን ለማረጋገጥ አጠገቧ ቆመ። ጥቂት ቆይቶ የአሻንጉሊቷ ኮፍያ ወደ ግራ እንዳዘነበለ ጠቆማት፤ ከዚያም ሴትዮዋ ስታስፈቅደው በሁለት ጣቱ አቃናው። የዕለቱ መዝገብ እንዲህ ይላል፦ «ትሪፖድ የያዘች ደንበኛ ተነግሯት ተባብራለች። ችግሩ ተፈቷል።» ስለ አሻንጉሊት የተጻፈ ነገር የለም።

፭. የዳውላው ሕግ

አበው አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላሉ። ጥናቱ የደረሰበት ዋና ግኝት ይኸው ነው። ሴኩሪቲው አሻንጉሊቷን መከልከል አይችልም፤ የሚጠቅሰው አንቀጽ የለውም። ዝም ብሎ ማለፍም አይችልም፤ ዓይኑ አይቷል፣ ካሜራውም እሱን አይቶታል። ስለዚህ አጠገቧ ያለውንና ደንብ ያለውን ነገር ይፈልጋል። ከተጠያቂዎቹ መካከል አሻንጉሊትን በአሻንጉሊትነቷ ያስቆመ አልተገኘም። የተቆጡት ትሪፖዱን፣ የመብራት ማንጸባረቂያውን፣ ሣሩ ላይ መቀመጥን፣ ወይም መተላለፊያ መዝጋትን ነው።

ትልልቆቹ ተቋማትም ከዚህ ሕግ አያመልጡም። የስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ትሪፖድና ሞኖፖድ አያስገቡም፤ በ2015 ደግሞ ሰልፊ ስቲክን ጨምረዋል። ስልሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ዘንግ በር ላይ ሲቀር፣ ስልሳ ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያላት አሻንጉሊት ቦርሳዋ ተፈትሾ ትገባለች።

የፌዴራል ሕጉ ይበልጥ ያራቅቃል። በ2000 የወጣው ሕግ በብሔራዊ ፓርኮችና በመሰል የመንግሥት ይዞታዎች ተራ ፎቶ ማንሣት ፈቃድ አያሻውም ይልና፣ ሞዴል ወይም የስፍራው አካል ያልሆነ ማስዋቢያ ዕቃ ከተጨመረ ግን ፈቃድ ያስፈልጋል ይል ነበር። የሊንከን መታሰቢያ የሚተዳደረው በዚሁ ሕግ ሥር ነው። ደረጃው ላይ የተቀመጠች አሻንጉሊት ሞዴል ናት ወይስ ዕቃ? ሞዴል ናት ከተባለ ውሏን ማን ይፈርማል? ዕቃ ናት ከተባለ ባለቤቷ ይቀየማል። ሊንከን ራሱ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ፎቶ ሲነሣ ቢውልም የስፍራው አካል ስለሆነ አይመለከተውም። ሕጉ በ2025 መጀመሪያ ተሻሽሏል። አሁን ከስድስት ያነሱ ሰዎች በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ብቻ ይዘው፣ ሌላውን ጎብኚ ሳያውኩ፣ ያለ ፈቃድ ማንሣት ይችላሉ። በዚህ ማሻሻያ የቀድሞው ጥያቄ ተዘግቶ አዲስ ተከፍቷል፦ አምስት ሰዎችና አንዲት አሻንጉሊት ስንት ናቸው?

፮. የሴኩሪቲዎች ምደባ

ፍትሐዊ ለመሆን ጠባቂዎቹም ተመድበዋል።

ዋጋ ጠያቂ። የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ገዛሽው?» ነው። መልሱን ሲሰማ በልቡ ወደ ብር ይመነዝርና ፊቱ ይለዋወጣል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ለአሻንጉሊቷ ለአንቱታ የቀረበ አክብሮት ያሳያል፤ የሚያልፍ ሕፃን እንዳይነካካትም ይከላከላል።

መካሪ። ብዙውን ጊዜ በዕድሜ ጠና ያለ ነው። የአሻንጉሊቷን ባለቤት ልጆች እንዳሏት ይጠይቃል። አሉኝ ካለች «ታዲያ እነሱን አታነሺም?» ይላል። የሉኝም ካለች እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ ያጽናናታል። በሁለቱም መንገድ ፎቶው ይዘገያል።

መዝጋቢ። አዲስ አበባ በር ላይ የሠራ ሰው ነው። እዚያ ላፕቶፕ የያዘ እንግዳ የዕቃውን ቁጥር አስመዝግቦ፣ መታወቂያውን አስይዞ ይገባል። መዝጋቢው ይህን ልማድ ውቅያኖስ አሻግሮታል፤ አሻንጉሊቷ ስትወጣ ያቺው የገባችው መሆኗን በምን እንደሚያውቅ ያሳስበዋል። ደስ የሚለው ነገር ውድ የሆኑት የሬዚን አሻንጉሊቶች ብዙዎቹ ከፋብሪካ የወጣ የምስክር ወረቀት አላቸው። ወረቀቱ የቀረበለት መዝጋቢ ያለ አንዳች ጥያቄ አሳልፏል። አሻንጉሊቷ ወረቀት አላት፤ ይህን ስንቱ ስደተኛ በጸሎት ለምኖታል።

፯. ተቃራኒ ማስረጃዎች

የዳውላው ሕግ የማይሠራባቸው ስፍራዎች አሉ፤ ሁሉንም የሚያመሳስላቸው ለጉዳዩ የሚሆን ሥርዓት ያላቸው መሆኑ ነው።

በ1998 በቺካጎ የተከፈተው የአሜሪካን ገርል መደብር ካፌ አለው። እዚያ አሻንጉሊት የራሷ መቀመጫና የራሷ ስኒ ይቀርብላታል፤ ፀጉር ቤቱና ሐኪም ቤቱም የእሷ ናቸው። በዚህ ስፍራ አጠራጣሪው ሰው አሻንጉሊት ሳይዝ የመጣው ነው።

በፍሎሪዳ፣ በኪይ ዌስት፣ ሮበርት የተባለ አሻንጉሊት በሙዚየም የመስታወት ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል። በልማዱ መሠረት ጎብኚ ፎቶ ከማንሣቱ በፊት ሮበርትን ራሱን ያስፈቅዳል። ሳያስፈቅዱ አንሥተው ክፉ ዕድል የገጠማቸው የይቅርታ ደብዳቤ ይልኩለታል። ፈቃድ ሰጪው አሻንጉሊት በሆነበት ቦታ ለሴኩሪቲው የቀረለት ሥራ መብራት ማጥፋት ብቻ ነው።

ሦስተኛው ማስረጃ ላቡቡ ነው። ሠዓሊው ካሲንግ ሉንግ በ2015 የፈጠረው ይህ ጥርሰ ብዙ ፍጡር በአሻንጉሊት ኩባንያው በፖፕ ማርት አማካይነት ዓለምን አዳርሶ፣ የዐዋቂ ሰው ቦርሳ ላይ ተንጠልጥሎ በየበሩ ያልፋል። በሜይ 2025 ፖፕ ማርት በብሪታንያ መደብሮቹ የላቡቡን ሽያጭ አቋርጦ ነበር፤ ምክንያቱ ተሰላፊዎች እርስ በርስ መደባደባቸው ነው። በዚህ ጊዜ ሴኩሪቲው አሻንጉሊቱን ከሰው ሲጠብቅ ታይቷል። ለድብድብ አንቀጽ ስላለ ማንም አልተደናገረም።

፰. የመፍትሔ ሐሳቦች

ለአሻንጉሊት ባለቤቶች፦ አስቀድሞ ማስፈቀድ እንደ ጨዋነት ቢቆጠርም ውጤቱ አያበረታታም። የተጠየቀ ሴኩሪቲ ሱፐርቫይዘሩን ይጠይቃል፤ ሱፐርቫይዘሩ ማኔጀሩን ይጠይቃል፤ ማኔጀሩ ስብሰባ ላይ ነው። እምቢ በማለቱ ከሥራ የተባረረ ሴኩሪቲ በዚህ ጥናት አልተገኘም። ሞሉ የግል ይዞታ ስለሆነ «ይውጡልን» ከተባለ ክርክር አያዋጣም። ትሪፖዱን ግን ባይጠቀሙበትም ይዞ መምጣት ይመከራል። የሚከለከል ነገር ያገኘ ጠባቂ ሌላ አይፈልግም።

ለጥበቃ ድርጅቶች፦ በዕለት ሪፖርት ቅጹ ላይ ከ«ስርቆት»፣ ከ«እሳት» እና ከ«ሌላ» ቀጥሎ «አሻንጉሊት» የሚል ሣጥን ቢታከል ሠራተኛው ከጭንቀት ይገላገላል የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ጥናት አቅራቢው ሐሳቡን ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ ዴስክ ላይ የሚቀመጡት ጋሼ ተቃወሙ። ሣጥኑ ካለ በወሩ መጨረሻ ለምን ባዶ ሆነ ተብሎ ይጠየቃል፤ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ሌሊት ፈረቃ የሚሠራው ሁሉ የሌለ አሻንጉሊት ሲያሳድድ ሊያድር ነው። ተቃውሞው በቂ ሆኖ ስለተገኘ ሐሳቡ በሙሉ ድምፅ ውድቅ ተደርጓል።